የማያጉረመርም ውሻ

ንዲንዳ ፍርዱን የሰማችው ከሱቁ ጓዳ፣ ከስኳርና ከበቆሎ ዱቄት ከረጢቶች ጀርባ ጎንበስ ብላ ክብሪት ስትፈልግ ነው። ባለሱቁ እዚያ መኖሯን ረስቶ፣ ወተት ለምትገዛ ሴት መልስ እየቆጠረ፣ የማማ ንዲንዳ ውሻ እንዳበቃለት፣ የግቢው ሊቀ መንበር ዙሁራ በማለዳ ደውላ ውሻ ያዡን ለአሥራ አንድ ሰዓት እንደቀጠረችው ይነግራታል። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት፣ ስለ ውሻው ለመነጋገር ስብሰባ የተጠራው አሥር ሰዓት ላይ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀችው። «ስብሰባውማ ለወጉ ነው» አላት።

ንዲንዳ ቀና ስትል ጉልበቷ ቋ አለ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊ ሆና ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። በዚያ ሁሉ ዘመን ዶሮ የሰረቀውም፣ የጎረቤቱን ድንበር የገፋውም፣ ሰው የፈነከተውም ሲገባና ሲወጣ አይታለች፤ ሁሉም ግን ከመፈረዱ በፊት «አንተስ ምን ትላለህ?» ይባል ነበር። ገመድ ይዞ የሚመጣ ሰው ለአሥራ አንድ ሰዓት ከተቀጠረ፣ የአሥር ሰዓቱ ችሎት የምን ችሎት ነው? ክብሪቷን ይዛ ብቅ ስትል ባለሱቁ አያትና የቆጠረው ሳንቲም ጠፋበት። እሷ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆና ደህና አደርክ አለችው፣ የልጁን ሳል ጠየቀችው፣ አንዱን በአሥር ሽልንግ ሒሳብ ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ አራት ትኩስ ብስኩት በጋዜጣ አስጠቀለለችና ወጣች። ከሱቁ እንደራቀች ግን እርምጃዋ የሰልፈኛ ሆነ።

ነገሩ የደረሰው ማክሰኞ ዕለት ነው። ግቢው አሥራ ስድስት ቤቶች ባንድ የብረት በር የሚገቡበት፣ ናይሮቢ ቡሩቡሩ ሠፈር ያለ ግቢ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ደግሞ ደረት የሚደርስ የራሱ በር አለው። የንዲንዳ በር ላይ «ምብዋ ካሊ» የሚል፣ ኃይለኛ ውሻ አለ ለማለት የተሰቀለ ሰሌዳ አለ። እንዲህ ያለው ሰሌዳ ውሻ በሌለበትም ቤት ስለሚሰቀል ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። የእሷ ውሻ ዲዋኒ ይባላል። ዲዋኒ የምክር ቤት ተመራጭ ማለት ነው፤ ቡችላ ሳለ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ አንድም ሥራ ስለማይሠራ ያወጣችለት ስም ነው። አድጎ ግን ጨዋ ወጣው። ቡናማ፣ ደረቱ ነጭ፣ አንድ ጆሮው የቆመ፣ ግራው የታጠፈ ውሻ ነው። በግቢው ውስጥ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ምዋሊሙ ኦዴራ ነበሩ። ጡረተኛ መምህር ናቸውና ልጅ አዋቂው ምዋሊሙ ይላቸዋል። በየማለዳው ጋዜጣ ሊገዙ ሲወጡ እጃቸውን በበሩ ላይ አሻግረው የውሻውን ጆሮ እሽት እሽት ሳያደርጉ አያልፉም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ። ማክሰኞ ግን ዲዋኒ አንዲት ድምፅ ሳያሰማ እጃቸውን ነከሰ። ነክሶም ቶሎ አልለቀቀም። ክሊኒክ ተወሰዱ፣ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በፋሻ ታሰረ፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌም ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ንዲንዳን አልከሰሷት፣ አልሰደቧት፤ ዝም ብለው ጋዜጣቸውን በወዲያኛው ጥግ ዞረው መግዛት ጀመሩ። ያንገበገባት ይኸው ነው። ቢጮሁባት ይቀላት ነበር።

ቤት ስትገባ ወንድሟ ኪሎንዞ እንደ ወትሮው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። ሞምባሳና ናይሮቢ መሐል ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ የሚሠራበት ድርጅት ሲዘጋ አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ እሷ ዘንድ ገባ፤ ይኸው ስምንት ወሩ። ሳሎኑ ጠባብ ነው። ሁለት ሶፋ፣ በዳንቴል የተሸፈነ ቴሌቪዥን፣ የንዲንዳ የጡረታ መሸኛ ሰዓት፣ ከሰዓቱ ሥር ደግሞ ኪሎንዞ። ቀኑን ሙሉ ወደ በሩ፣ ወደ ውሻው፣ ወደ አላፊ አግዳሚው ሲመለከት ይውላል። ሁለቱ የሚለዋወጡት ቃል ሻይ፣ ጨው፣ መብራት ጠፋ፣ መብራት መጣ ነው። ንዲንዳ ይህን ሰላም ትለው ነበር። ማንዳዚውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ ከሱቅ የሰማችውን ነገረችው። ኪሎንዞ ግማሽ ማንዳዚ ጎርሶ አላመጠ፣ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ሻይ ጠጣበት። እሷም መልስ አልጠበቀችም። ከአልጋዋ ሥር የድሮ የመዝገብ ማኅደር አውጥታ በዚያ ባማረ የጸሐፊ እጇ «ተከሳሽ ሳይሰማ ስለመፈረዱ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ሦስት ነጥብ። የመጀመሪያው ነጥብ ዙሁራን አንገት የሚያስደፋ ነበር፤ ሁለተኛው የውሻውን ጨዋነት የሚመሰክር።

ሦስተኛው ነጥብ የባለሙያ ቃል ይል ስለነበር፣ ሦስት ሰዓት ሳይሆን አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ወዳለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄደች። ቤቱ የዶሮ መኖ ይሸታል፤ በካርቶን ውስጥ የአንድ ቀን ጫጩቶች ይንጫጫሉ። ሐኪሟ ቼላጋት የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች ልጅ ናት። ንዲንዳ የመጣችው «ይህ ውሻ ጤነኛና ጨዋ ነው» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ለማጻፍ ነው። ልጅቷ ግን ብዕር ከማንሳቷ በፊት ጥያቄ ጀመረች። የት ቆሞ ነው የነከሰው? ታስሮ ነው ተፈትቶ? ሰውየው እጃቸውን ከላይ ነው የሰደዱት ከታች? ከዚያ በፊት ውሻው ምን እያደረገ ነበር? ክትባቱስ መቼ ነው? ንዲንዳ የክትባት ካርዱን ከማኅደሩ አወጣች፤ ለቀሩት ጥያቄዎች ግን መልስ አልነበራትም። እንዲህ በተራ የሚጠይቅ ሰው ካየች ብዙ ጊዜ ሆኗታልና ልጅቷን ወደደቻት። ቼላጋት ያላየችውን ውሻ ጨዋ ብላ መጻፍ እንደማትችል ነግራት፣ ጫጩቶቹን ለረዳቷ አደራ ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ዲዋኒ እንደ ሁልጊዜው በሩ አጠገብ በሁለት ክንድ ሰንሰለት ታስሮ ተኝቷል። ልጅቷ ወደ እሱ አልሄደችም፣ አልጠራችውም፣ ዓይኑንም አላየችውም። ጎኗን ሰጥታው መሬት ላይ ቁጭ አለችና ከቦርሳዋ የተቀቀለ ጉበት እየቆረሰች ትጥልለት ጀመር፤ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ። ጉበቱን ሲበላ በአንድ ወገን ብቻ እንደሚያኝክ፣ ራሱንም ጋደል እንደሚያደርግ ንዲንዳ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ቼላጋት ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ከመንከሱ በፊት ያጉረመርማል ወይ አለቻት። ንዲንዳ ደስ አላት፤ የምትኮራበት ነገር ተጠየቀች። ዲዋኒ ባንድ ወቅት ጋዝ አመላላሹ ላይም፣ እንግዳ ላይም፣ ሲበላ አጠገቡ የሚቆም ሰው ላይም ያጉረመርም እንደነበር፣ እሷ ግን ባጉረመረመ ቁጥር በነጠላ ጫማ አፍንጫው ላይ እየመታች ዓመት ሳይሞላው እንዳስተወችው፣ ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አጉረምርሞ እንደማያውቅ ተረከችላት። ልጅቷ ጉበት መቁረሷን አቆመች።

«ማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች፤ «የማታቱ ታክሲ ጡሩምባ ረበሸኝ ብለው ጡሩምባውን ነቀሉት። አሁን ሰው ሲገጭ ሳያስጠነቅቅ ገጨ ብለው ይገረማሉ። ውሻው መናደዱን አልተወም እኮ። መናገሩን ነው የተወው።»

ንዲንዳ ልትመልስ ስትል ከመስኮቱ ድምፅ መጣ። «ለምዋሊሙስ ነግሯቸው ነበር» አለ ኪሎንዞ።

ሁለቱም ዘወር አሉ። ኪሎንዞ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ ምዋሊሙ ከመነከሳቸው በፊት በነበሩት ሦስት ማለዳዎች ያየውን ተናገረ። እጃቸው ሲመጣ ውሻው እንደ ግንድ ድርቅ ይላል፤ ፊቱን ያዞራል፤ ርቦት ሳይሆን ከንፈሩን ይልሳል፤ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ሰንሰለቱ ስለማያስኬደው እንጂ ዞር ይልላቸው ነበር። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደግሞ ሌሊቱን ራሱን ሲያራግፍ ያድራል፤ ግራ ጆሮውን በእግሩ ይፍቃል፤ ሲፍቅም ያቃስታል። ስምንት ወር ያልተነፈሰ ሰው ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተናገረው። ንዲንዳ ደነገጠች፣ ቀጥሎም ተቆጣች፤ ይህን ሁሉ እያየህ እንዴት ዝም ትላለህ አለችው።

«ዳዳ፣ እህቴ፣ የመጣሁ ሰሞን አንድ ነገር ልነግርሽ ስጀምር ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?» አላት፤ ሳይቆጣ፣ እንዲያውም ፈገግ ብሎ። «በዚህ ቤት ማጉረምረም የለም፣ ዝም አይነቅዝም አልሽኝ። እኔም ዝም አልኩ።»

ልጅቷ አንገቷን ወደ ቦርሳዋ ሰበር አደረገች። ንዲንዳ ታስታውሳለች፤ ሰሐን እያጠበች ነበር፣ ዞር ብላም አላየችው። እናቷም እንዲሁ ትላቸው ነበር፤ አባቷም፤ መዝገብ ቤቱም ውስጥ አለቆቿ ያወድሷት በዚሁ ነው፣ ንዲንዳ አታጉረመርምም እየተባለ። ዝም አይነቅዝም ትላለች እንጂ ዝም ያለውን ፈትሻ አታውቅም።

ቼላጋት የውሻውን አፍ በሻሽ አስራ፣ ኪሎንዞ ትከሻውን አቅፎ ይዞላት፣ የታጠፈውን ጆሮ ገለጥ ስታደርገው ሽታው ሦስቱንም ወደ ኋላ መለሳቸው። ውስጡ ቀልቷል፣ አብጧል፤ ከጥልቁም የባቄላ ፍሬ የምታህል መዥገር አወጣች። ያን ጆሮ ነው ምዋሊሙ በየማለዳው ያሹት የነበረው። አጠበችው፣ ጠብታ አደረገችበት፤ ጠብታውን ጠዋትና ማታ ለሁለት ሳምንት አለች። ንዲንዳ እፎይ ብላ፣ እንግዲያ በሽታ ነበር፣ አለቀ ማለት ነው አለች። ልጅቷ ግን ነገር አላሳመረችላትም። ጆሮው ይድናል፤ አንዴ መንከስ እንደሚያዋጣው የተማረ ውሻ ግን እሱን በጠብታ አይረሳም። ከበሩ መነሳት አለበት፤ ሰው በሚያልፍበት ደጅ ላይ ታስሮ መሸሽ ያልቻለ ውሻ የቀረው መንገድ ጥርሱ ነው። ሰው ባለበት ሲወጣ የሽቦ አፍ መያዣ ይደረግለት፣ እሱንም በጉበት እያባበሉ እንጂ በግድ አያጥልቁለት። በምግቡ ላይ ማንም አይቁም። እንግዳ እሱ ራሱ ካልቀረበ አይንካው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካጉረመረመ፣ አንድ ቀን ዳግመኛ ካጉረመረመ፣ ማንም እንዳይመታው፤ ያስጠላውን ነገር ማራቅ ብቻ። ለዚያም ወራት ሊፈጅ ይችላል አለች። ስትወጣ ወረቀቱን ጻፈችላት። «ጨዋ» የሚል ቃል አልነበረበትም። ክትባቱ ያልተጓደለ መሆኑን፣ ጆሮው መታመሙን፣ የነከሰ ውሻም ጤናው እስኪረጋገጥ አሥር ቀን በቤቱ ተለይቶ መጠበቅ እንዳለበት፣ ይህም ለተነከሱት ሰውዬ ጭምር እንደሚበጅ ነው የጻፈችው።

ከሰዓት በኋላው በሥራ አለፈ። ኪሎንዞ ሰንሰለቱን ፈታ፤ የውሻውን ሳጥን እየጎተተ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ጓሮ ወሰደው፤ ከዚያ ከየት እንዳመጣው ያልታወቀ የሽቦ ወንፊት በጓሮው መግቢያ ላይ ይቸነክር ጀመር። እየሠራ ያፏጫል። ንዲንዳ ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም። እሷ ጠረጴዛው ላይ ማኅደሩን ዘርግታ ሦስቱን ነጥቦች አነበበቻቸው፤ ደግማ አነበበቻቸው። ጽሕፈቱ ያምራል። መጀመሪያ የሰረዘችው ሁለተኛውን ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ከግቢው መሐል ያለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሃያ የሚሆን ሰው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። ዙሁራ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። እሷና ንዲንዳ ባንድ ዓመት ነው ወደዚህ ግቢ የገቡት፤ ሲጣሉም ሲታረቁም ኖረዋል። ምዋሊሙ ኦዴራ ከዳር፣ በፋሻ የታሰረ እጃቸውን እንደ እንቁላል ይዘው ተቀምጠዋል። ንዲንዳ ተነስታ ስትቆም ሁሉም ለክርክር ተዘጋጀ፤ ስለ ውኃ ቆጣሪው ሁለት ሰዓት ሙሉ የተከራከረችበትን ቀን ማንም አልረሳውም።

«ውሻ ያዡ ለአሥራ አንድ ሰዓት መቀጠሩን ሰምቻለሁ» አለች። ዙሁራ ሰውየው በዚህ ሠፈር የሚያልፈው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ፣ ቀድሞ ካልተነገረው ሳምንት ስለሚቆይ ነው ብላ መመለስ ጀመረች። ንዲንዳ በእጇ ከለከለቻት። «በዚያ ልጣላሽ ነበር የመጣሁት። ትቼዋለሁ። ውሻው ሳያስጠነቅቅ ነከሰ ተብሏል፤ እውነት ነው። ማስጠንቀቂያውን ግን የነጠቅሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያም የሆነውን ሁሉ ሳታስጌጥ ነገረቻቸው። ስለ ነጠላ ጫማው፣ ስለ ሰንሰለቱ፣ ስለ ጆሮው፣ ስለ መዥገሩ። ስትጨርስ ወደ ምዋሊሙ ዞራ ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

«የታመመው ግራው ነው?» አሏት።

«ግራው ነው፣ ምዋሊሙ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተማሪ ፊቱን ሲያዞር ትምህርቱ እንዳልገባው አርባ ዓመት አውቄአለሁ» አሉ። «ይሄ ውሻ ሦስት ቀን ሙሉ ፊቱን ሲያዞርብኝ፣ አኮረፈ ብዬ ይበልጥ አሸሁት።» ሳያስቡት ሳቁ፤ ሰውም አብሯቸው ሳቀ። ቀጥለው ግን እጃቸው ዛሬም እንደሚጠዘጥዛቸው፣ ሌሊትም እንደሚያባንናቸው፣ በዚያ በር ላይ እጃቸውን ለመስደድም ጊዜ እንደሚወስድባቸው ተናገሩ። ማንም እንዲህ አይበሉ አላላቸውም።

ከኋላ ያለች የሁለት ልጆች እናት ተነሳች። እሷ አልሳቀችም። «ልጄ ኳሱ ገብቶበት አጥር ቢዘልስ?» አለች። «ጆሮውን አሞት ነው ብላችሁ ልታጽናኑኝ ነው?» ንዲንዳ ሴትዮዋ እውነቷን እንደሆነ አወቀች፤ ለዚህም በማኅደሩ ውስጥ ነጥብ አልነበራትም።

ያን ጊዜ ኪሎንዞ ከዛፉ ግንድ ጀርባ ብቅ አለ፤ እጁ ላይ የሽቦ ዝገት አለ። ውሻው ከደጅ ተነስቶ ጓሮ መግባቱን፣ መሐሉን በሽቦ ማጠሩን፣ ነገ ደግሞ ቁልፍ እንደሚገባለት፣ ውሻው ያለ አፍ መያዣ ከጓሮው እንደማይወጣ አንድ በአንድ ነገራት። ከዚያ ትንሽ አመነታና፣ «ኳስ ከገባ ደግሞ እኔን ይጥሩኝ። እኔ እንደሆንኩ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ነኝ፤ የት እሄዳለሁ?» አላት። ዙሁራ መነጽሯን አውልቃ አየችው። «ይሄ ሰው ይናገራል እንዴ?» አለች፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። የልጆቹ እናት እንኳ አፏን በመዳፏ ሸፈነች። ቆይታ ግን ሽቦውን በዓይኔ ካላየሁ አልስማማም አለች፤ ኪሎንዞም እሺ ብሎ ወስዶ አሳያት፤ እሷም በእጇ እየነቀነቀች ፈተሸችው፣ አንድ ጥግ ላይ ምስማር ጎድሎታል አለች፣ ተመታ። በመጨረሻ ዙሁራ ጻፈች። አሥሩ ቀን ይጠበቃል፤ ከዚያ ሦስት ወር ይታያል፤ በዚህ መሐል ውሻው ሰው ቢነካ ሁለተኛ ስብሰባ የለም፣ ለውሻ ያዡ የምትፈርመው ንዲንዳ ራሷ ናት። ንዲንዳ ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች። ፊርማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመመባት።

ውሻ ያዡ ከአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ በፊት ደረሰ። ቀጭን፣ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ጫፉ ላይ የገመድ ቀለበት ያለው ረጅም ዘንግ የያዘ ሰውዬ ነው። ውሳኔው ሲነገረው አልተከፋም፤ ከመጣሁ ላይቀር ሽቦውን አይቼ አስተያየት ልስጥ ብሎ ዘንጉን እንደያዘ ወደ ጓሮው አመራ፤ ሰውም ተከተለው። ዲዋኒ ሳጥኑ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ሰውየው ሽቦው አጠገብ ደርሶ ጎንበስ ሲል ከውሻው ደረት ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ዝቅ ያለ፣ የተቆራረጠ፣ ባትሪው ያለቀ መኪና ለመነሳት ሲጥር የሚያሰማው ዓይነት። ሁሉም ባለበት ደረቀ። የንዲንዳ እጅ ሳታውቀው ወደ ነጠላ ጫማዋ ወረደ፤ አምስት ዓመት ያረፈ እጅ መንገዱን አልረሳም። ግማሽ መንገድ ላይ አቆመችው።

«ወደ ኋላ ይበሉ» አለችው ሰውየውን። «እየነገረዎት ነው።»

ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ዘንጉንም ከጀርባው አደረገ። ድምፁ አነሰ፣ ቆመ። ዲዋኒ ራሱን አራገፈና ተኛ። ውሻ ያዡ ባርኔጣውን እያስተካከለ፣ በሃያ ዓመት ሥራው ሰባት ጊዜ እንደተነከሰ፣ ሰባቱም ዝም ያሉት እንደነበሩ፣ እንዲህ አፍ አውጥቶ ከሚናገር ውሻ ጋር ጠብ እንደሌለው ተናገረ። ዙሁራ ሻይ ጋበዘችው። ምዋሊሙ ኦዴራ ከሁሉም ኋላ ቀርተው ሽቦው ፊት ለፊት፣ ራቅ ብለው፣ ጎናቸውን ሰጥተው ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ እሳቸውም ወደ ሻዩ ሄዱ።

ማታ ራት ላይ የተፈተገ በቆሎና ባቄላ ነበር፤ ሙቶኮይ። ንዲንዳ ለወንድሟ አወጣችለት፣ ለራሷም አወጣች። ውሻው ከጓሮ አልፎ አልፎ ያንኮራፋል፤ ጠብታው ሳያስተኛው አልቀረም። ሁለቱ ትንሽ በዝምታ በሉ። ዝምታው ግን የትናንቱ አልነበረም፤ ንዲንዳ ታዳምጠው ጀመር። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ያን ዕለት ሰሐን ሳጥብ ልትነግረኝ የነበረው ምን ነበር?» አለችው።

ኪሎንዞ ትከሻውን ሰበቀ፤ የቆየ ነገር ነው፣ ተይው አላት። አልተወችውም። እንግዲህ ከጠየቅሽኝ ብሎ ጀመረ። ባቄላ በሳምንት አምስት ቀን ይበዛል አለ። ሬዲዮኑ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚጮኸው ለማን ነው አለ። ንዲንዳ ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ቀና ስትል ግን ወደ ሰሐኑ አቀርቅሮ አየችው። «ሰው ሲመጣ ደግሞ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ለጊዜው ነው የመጣው ትያለሽ። ቄሱ ሲመጡ አልሽ፣ ዙሁራ ስትመጣ አልሽ፣ ለጋዝ አመላላሹ ሳይቀር አልሽ። የመጣሁ ሰሞን ልነግርሽ የነበረው እሱን ነው። ለጊዜው ከሆነ እስከ መቼ እንደሆነ ንገሪኝ ልልሽ ነበር። ሻንጣዬን እስካሁን ያልፈታሁት ለዚያ ነው።»

ንዲንዳ ያንን ቃል ለምን እንደምትለው ፈለገች፤ እሱን እንዳያሳፍሩት ብላ ነበር መሰል፣ ሥራ ፈትቶ እህቱ ቤት ተጠጋ እንዳይሉት። ይህን ልትነግረው አሰበችና ተወችው፤ ተራው የእሱ ነው። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት፣ መስቀያ ሲንኳኳ፣ ልብስ አልጋ ላይ ሲወረወር ተሰማ። ስትመለስ ደረቷ ላይ አቧራ ነበር።

«የቀኙን ወገን ለቅቄልሃለሁ» አለችው፤ ተቀመጠችና ማንኪያዋን አነሳች። «እሺ፣ ሌላስ?»

ኪሎንዞ አያት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጎ ክርኑን አስደገፈ።

«ሌላማ ብዙ አለ» አላት።